የ«ሁለት ወንዝ» አሳታሚ ሞት

አቶ ጥዑመልሳን ካርቱም ከተማ፣ ሪያድ ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው፣ በድሮው ማተሚያ ክፍል፣ ፍራሽ ላይ እንደተኙ ሞተው ተገኙ። በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር። ከእግራቸው ሥር ቤንዚኑን የጨረሰ ጄኔሬተር ቆሟል። የገደላቸው ጭሱ ነው።

በወጣትነታቸው «ሁለት ወንዝ» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ እያተሙ፣ ኦምዱርማን አውቶቡስ ተራ ራሳቸው ዞረው ይሸጡ ነበር። በኋላ የመንግሥት ሹመት አገኙ።

መርማሪ ሬሕማ እዚያው ካርቱም የተወለደች የወሎ ልጅ ናት። ስትደርስ የቤት ሠራተኛዋ ሙኒያ እጇ በካቴና ታስሯል።

«እሷ ናት!» አሉ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «ትናንት ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ለቅሶ ልንሄድ ስንል ተመልሳ ገባች። ከዚያ ሀቡቡ፣ ያ አውሎ ነፋስ፣ አቧራውን ይዞ መጣ፤ ድልድዩ ተዘጋ፤ እዚያው አደርን።»

«ወላሂ እትዬ፣ ጫማ ልቀይር ነው የተመለስኩት!»

«ጄኔሬተሩን ወደ ውስጥ ስትጎትተው አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ካሳሁን፣ ግቢው ውስጥ የሚኖሩት የሟች የማተሚያ ባልደረባ። «አቧራ እንዳይገባው ብላ ነው። መብራት ሲጠፋ ጥዑመልሳን ራሱ አስነሳው። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። በሀቡብ ማን ይወጣል?»

«ወደ ሹርጣ ጣቢያ ያላ!» አለ ፖሊሱ ሙኒያን ክንዷን ይዞ።

«ቆይ» አለች ሬሕማ። ግቢውን ዞረች። ቀዩ አቧራ ደረጃውንም፣ ባልዲውንም፣ የተሰጣውን ልብስም አልብሷል። ግድግዳው ጥግ ጎንበስ ብላ ቆየችና ሁሉንም ጠራች።

«ጄኔሬተሩ የሚቆመው እዚህ ነው?»

«አዎ» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ።

«ዙሪያው አቧራ ነው፤ የቆመበት ግን ንጹሕ ነው። ከሀቡቡ በፊት ተነስቶ ቢሆን ይህም ቦታ አቧራ ይለብስ ነበር። የጄኔሬተሩን ጀርባም አይቼዋለሁ፤ አቧራ ጠግቧል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የገባው ሀቡቡ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እናንተ ባሕሪ ነበራችሁ። ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ማን ከፈተላችሁ?»

«ጋሽ ካሳሁን... ከውስጥ ቀርቅሮት ነበር።»

ሬሕማ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሽ ካሳሁን፣ ያላደረገችውን እንዴት አዩ?»

ሽማግሌው ወደ ማተሚያው ክፍል አመለከቱ።

«አብረን ነው የወለድናት፤ ጋዜጣዋን። ሲሾም በገዛ ፊርማው ዘጋት። ትናንት የእንቅልፍ ክኒኑን ውጦ ማተሚያው አጠገብ ጋደም አለና ‹ካሳ፣ ሰላም የማገኘው እዚህ ብቻ ነው› አለኝ። ለእኔ ምን ሰላም ተረፈኝ?» ወደ ሙኒያ ዞሩ። «ልጅቷን ግን... እሷን መንካት አልነበረብኝም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሙኒያ እጅ ፈትቶ በእሳቸው እጅ አደረገ። ሲወጡ ማንም አልሰደባቸውም።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ የሙኒያ እግር ላይ ሊወድቁ እያሉ። «በምን አፌ ይቅር በይኝ ልበልሽ?»

ሙኒያ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘቻቸው።

«ይደርሳል እትዬ» አለች። «እስካሁን ማንም አላለቀሰላቸውም። መጀመሪያ እናልቅስ።»