የተበላችው «ብ»

የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ሰብሳቢው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታው ከመደርደሪያው በወረደ የነሐስ ዋንጫ ነው። አጠገቡ በመቀስ ለሁለት የተቆረጠ የአንድ በረኛ ካርድ ነበር፤ የበረኛው ፊት ያለበት ላይኛው ግማሽ አለ፣ ስሙ የተጻፈበት ታችኛው ግማሽ የለም። ወይ ጉድ! ያቺ ቁራጭ ወረቀት እኮ ትናንት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ትገዛ ነበር።

መርማሪዋ ሬሳውን ትታ ካርዱን ስታይ ቆየች። ገንዘብ የፈለገ ሰው ይሰርቃል እንጂ አይቆርጥም። እዚህ የገባው አንጀቱ ያረረ ሰው ነው ስትል አሰበች።

ትናንት ወደዚያ ክፍል የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሚስትየዋ ካርዱ በቅርቡ ሊሸጥ እንደነበር፣ ባሏም ቤት ሊገዛላት ቃል እንደገባ እያለቀሰች ተናገረች። የምታለቅሰው ለባሏ ይሁን ለቤቱ መርማሪዋን ግራ ገባት። ቀጥሎ የሟቹ ታናሽ ወንድም መጣ። በያጅ ነው፤ እጁን የእሳት ፍንጣሪ ለብልቦታል፤ እናታቸውን ከቀበሩም ገና መንፈቅ አልሞላም። ስለ ካርድ ምንም እንደማያውቅ፣ በልጅነቱም አንድ እንኳ በእጁ እንዳልገባ ምሎ ተገዘተ። መርማሪዋ የበረኛው ፊት ያለበትን ግማሽ አሳየችው።

«በረኛውንስ ታውቀዋለህ?»

«መረቁን የማያውቅ አለ እንዴ?» አለ።

ሦስተኛው የሟቹ ሸሪክ ነው፤ ከሽያጩ እኩሌታው የእሱ ነበር። አንድ ወረቀት እንዴት ቤት ያህል ሊያወጣ እንደቻለ ጠየቀችው።

«በረኛውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መብረቁ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው» አለ። «ማተሚያ ቤቱ ‹ብ›ን በላትና ‹መረቁ› ሆኖ ወጣ። ስህተቱ እንደታየ ሰብስበው አቃጠሉት፤ የተረፈው ይሄ ብቻ ነው። የስህተቱን ነገር ሌባ እንዳይሰማ ብለን ለሚስቱ እንኳ አልነገርናትም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እመቤቲቱ ካርዱን ብትቆርጥ ቤቷን ታጣለች፤ ሸሪኩም ድርሻውን ያጣል። ገንዘቡን ያልፈለገ አንድ ሰው ቀረ» አለችና ወደ በያጁ ዞረች። «አንተ በረኛውን ‹መረቁ› አልከው። እንዲህ የሚለው ከዚህ ካርድ ላይ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። የጎደለችውም ግማሽ አንተ ዘንድ ናት።»

በያጁ ከደረት ኪሱ ግማሿን ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«የእኔ ነበረች። ፊደል የለየሁት በእሷ ነው» አለ። «ጋሼ ‹ስሙ ተበላሽቷል፣ ምንም አያወጣም› ብሎ በአንድ ብስኩት ወሰደብኝ። በዚህስ አልተቀየምኩትም። እናታችን ለቀዶ ጥገና ሽጥልኝ ብላ ስትለምነው ግን ‹ዋጋው ገና ይጨምራል፣ ትንሽ ታገሺ› አላት። ታገሰች፤ ቀበርናት።»

ሚስትየዋ አንገቷን ደፋች። በያጁ ወደ ሸሪኩ ዞረ።

«አሁን ስንት ታወጣለች?»

ሸሪኩ ሁለቱን ቁራጮች ገጣጥሞ አያቸው።

«ምንም።»

«እንግዲያው ጋሼ ልክ ነበር» አለና በያጁ ሁለት እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።