ከነጩ ቀለም ሥር

አባቷ ለሕክምና ጅማ በሄዱ ማግስት አብርሆት የግቢውን በር ለበእምነት ራሷ ከፈተችለት። ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች። ማንም አላስገደዳትም።

አባቷ ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ የቢሮ ኃላፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ልጃቸውና ከአሮጌ ነጭ መኪናቸው በቀር የሚሳሱለት ነገር አልነበራቸውም። በእምነት ደግሞ ቦንጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባ፣ ዋጫ የምትባል ከተማ ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ፣ አንዴ «ገና ልጅ ናት»፣ አንዴ «ቀለም ቀቢ ምን ሊያበላት ነው?» ተብሎ ተመልሷል። በሦስተኛው «እስቲ ከፋሲካ በኋላ እናያለን» ተባለ። አብርሆት ይህችን «እናያለን» ጨብጣ ቀረች። አባቷ ሲመለሱ መኪናቸው እንደ አዲስ አብርታ ቢያገኟት፣ የማን እጅ እንደነካት ሲሰሙ ይራራሉ ብላ አሰበች።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ነበር። ከጅማ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተበላሽቶ ዝናብ ሲይዛቸው እሷ የቢሮ ፋይል፣ እሱ ጃንጥላ ይዘዋል። ጃንጥላውን ሰጥቷት ራሱ ውጭ ቆሞ በሰበሰ።

«ለፋይሉ ነው ለእኔ?» አለችው።

«አቅፈሽዋል፤ እንዴት ለይቼ ላስጠልል?»

በሩን በከፈተችለት በዚያ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥበው ቀዩን ጭቃ ከየስንጥቁ አወጡ። ቀለም ከጋለ ፖሊሹ ስለሚደርቅበት አቮካዶው ጥላ ሥር አስገቧት። እሱ የመወልወያ ማሽኑን ገመድ በቤቱ መስኮት አሳልፎ ሰካና ኮፈኑን ቀስ እያለ፣ በክብ በክብ ይፈትገው ጀመር። እሷ ከኋላው በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች። ደብዝዞ የነበረው ነጭ ፊታቸውን ማሳየት ጀመረ።

«ሰሙስ መቼ ነው?»

«መጨረሻ ላይ። ፖሊሹ ጭረቱን ያጠፋል፣ ሰሙ ዝናቡን ይከላከላል።»

«እዚሁ ማር አገር ማንኪራ የንብ ሰም ሞልቶ አንተ ከጅማ በቆርቆሮ ታስመጣለህ?»

«የማንኪራውን ብቀባው ንቡ ተከትሎት ይመጣል። አባትሽ ከተነደፉ ደግሞ አራተኛ ሽማግሌ መላኬ ነው።»

በጨርቁ ትከሻውን መታችው። ዞሮ አያት፤ አየችው። ማሽኑ ከጎማው በላይ ያለው የቀኙ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ቆየ። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። ነጩ ተልጦ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ብቅ አለች።

«ውይ! አቃጠልኩት!»

«አይዞህ፤ ድሮም አረንጓዴ ነበረች። ልጅ ሆኜ ነው አባዬ ጅማ ወስደው ያስቀቧት።»

በእምነት ማሽኑን አጠፋ። ፓራፋንጎውን በጣቱ አንኳኳው፤ እንደ ቆርቆሮ አልጮኸም፤ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠው። ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ ነበር፤ የተጎዳ ብረት የሚሞላበት።

«መቼ ነው የተቀባችው?»

«አምስተኛ ክፍል ሳለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆነ።»

«ምን መትቷት?»

አብርሆት ጨርቁን እያጠፈች ሳታስብ መለሰች። «ከርከሮ። ከዋጫ ስንመለስ ዝናብ ነበር፣ ጉም ነበር። አባዬ ወርደው አይተው ‹ከርከሮ ነው› አሉኝ።»

«አንቺ አላየሽም?»

«መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር። በእጄ ብጠርገው ብጠርገው ምንም አልታየኝም።»

በእምነት ባለበት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ስለ ታላቅ እህቱ ስለ ፍቅርአዲስ አብርሆት የምታውቀው መኪና ገጭቷት መሞቷን ብቻ ነበር። ቀሪውን አሁን፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ነገራት። እሱና እህቱ በዋጫ መንገድ ከገበያ ሲመለሱ ነው። እሱ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። እሱ ወደ ቦዩ ዘለለ፤ እሷ አልደረሰችም። መኪናዋ ቆመች። አንድ ሰው ወርዶ አያት፤ ትንሽ ቆመ፤ ተመልሶ ገባና ሄደ። እህቱ ክንዱ ላይ እንዳለች ሲመሽ ሞተች። ፖሊስ አረንጓዴ መኪና ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ።

«ከኋላ መስታወት የሚጠርግ ትንሽ እጅ አየሁ» አለ። «ያቺ ልጅ ካየችኝ ታስቆመዋለች ብዬ ጮህኩ።»

እሱ ገመዱን ጠቀለለ፣ ማሽኑን አንጠለጠለ፣ ወጣ።

ጋሽ ተሰማ ሰኞ ሲመለሱ መድኃኒታቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ያ ከርከሮ ይተነፍስ ነበር?»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ትተነፍስ ነበር» አሉ።

«ትተዋት ሄዱ?»

«አንቺን ይዤ ነበር። እናትሽ ከሞተች ዓመት አልሞላም። ሰው ተሰብስቦ አንቺ ፊት ቢገድለኝስ? ለማን ልተውሽ?»

«በእኔ አያመካኙ!»

«ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልሄድኩም። የዋጫ ልጅ ነው ስትይኝ እንቢ ያልኩት ለምን ይመስልሻል? ቀለሙን ጠልቼ ነው?»

«ነገ ለፖሊስ ቃልዎን ይሰጣሉ። እርስዎ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ።»

ሄዱ። ፍርድ ቤቱ ዕድሜያቸውንና ሕመማቸውን አይቶ በገደብ ለቀቃቸው። ከዚያ ሽማግሌዎች እርቅ ያዙ።

እርቁ የተደረገው ዋጫ፣ በበእምነት እናት በእማማ ባፈና ግቢ ነው። ጋሽ ተሰማ ድንጋይ ተሸክመው ከእናቲቱ እግር ሥር ወደቁ። እማማ ባፈና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አነሱላቸው።

«ይነሱ። እኔም ነገ ሟች ነኝ፤ ይህን ተሸክሜ አልሄድም» አሉ።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ዋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በድሮ ጊዜ ደም የሚደርቀው በጋብቻ ነበር። እነዚህን ሁለት ልጆች ደግሞ እግዜር አስቀድሞ አፋቅሯቸዋል። ተሰማ ልጁን ይስጥ። ከዚህ የሚበልጥ ምን ካሣ አለ?»

«እሰይ!» አለ ሰው ሁሉ። ሁለት ጊዜ እንቢ ያሉት አባቷ አሁን እያለቀሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አብርሆት ሁለት ዓመት ስትጸልይለት የኖረችው ነገር ይኸው ከፊቷ ተቀመጠ። ለካሣ እንደሚሰጥ በሬ ተጎትታ የቀረበች መሰላት፤ ያም ሆኖ ዓይኗ በእምነትን ፈለገ።

እሱ ተነሳ።

«አባቶቼ፣ እናቴ ይቅር ብላለች፤ ከቃሏ አልወጣም። አብርሆትን ግን በካሣ አልወስድም። የእህቴ ምትክ ሆና ቤቴ ከገባች፣ ባየኋት ቁጥር የማየው ማንን ነው?»

ይህን ብሎ ከግቢው ወጣ። አብርሆት ተከትላው ከአጥሩ ውጭ ደረሰችበት።

«እንቢ ያልከው ለማን ብለህ ነው?»

«ለሁለታችንም።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? እነሱ አልጠየቁኝ፤ አንተም አልጠየቅከኝ።»

ቀና ብሎ አያት። «ብጠይቅሽ ምን ትይ ነበር?»

«እሺ እል ነበር።»

ሊነካት እጁን ዘርግቶ መለሰው።

«ልዋሽሽ አልችልም። ጥፋት እንደሌለብሽ አውቃለሁ፤ ልጅ ነበርሽ። ግን እጅሽን ሳይ ያ መስታወት ይመጣብኛል። ስትጠርጊው፣ ስትጠርጊው… እኔም ስጮህ።»

አብርሆት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

በእምነት ሚዛን ከተማ ሄዶ እዚያ ጋራዥ ገባ። አብርሆት ቦንጋ የቢሮ ሥራዋ ላይ ቀረች፤ የአባቷን መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች፤ ከዚያ ያለፈ ብዙ አይነጋገሩም። ሌሎች ሁለት ሰዎች የላኳቸው ሽማግሌዎች መጥተው ተመልሰዋል፤ አሁን እንቢ የምትለው ራሷ ናት።

እማማ ባፈና ግን ቦንጋ ገበያ በወጡ ቁጥር ሳያዩዋት አይመለሱም። ባለፈው ቅዳሜም መጥተው እጇን ይዘው ተቀመጡ።

«ትናንት ደውሎልኝ ነበር» አሉ። «ስለ አንቺ ይጠይቃል።»

«ምን ብሎ?»

«‹ትስቃለች ወይ?› ብሎ።»

አብርሆት ወደ መንገዱ ዞረች። ባጃጆች ያልፋሉ።

«ምን አሉት?»

«ምን ልበለው ልጄ? ትስቃለች አልኩት።»

አሮጊቷን ውሸታም ላለማድረግ፣ አብርሆት ሳቀችላቸው።