ለምስጢር ድንጋይ የተነገረው ውሸት

በአውራዝ መንግሥት ሰማይ ላይ ፀሐይ እንደ ደም ቀላች፤ በዚያው ማለዳ ታላቁ ምንጭ ደረቀ። ሻሙር የተባለው ባለ ቀንድ ዘንዶ ከተራራው ሥር ገብቶ ውሃውን በአካሉ ደፍኖት ነበር። ወደ እርሱ የሚያደርሰውን ስውር መንገድ የሚያውቀው የምስጢር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ድንጋዩም የሚናገረው ጠባቂዎቹ ሊቃነ ምስጢር መርምረው ላመኑት ሰው ነው።

ወጣቱ ጦረኛ ኤልዛር «እኔ እሄዳለሁ» ብሎ ተነሣ። ነገር ግን በልጅነቱ የጦር አለቃውን የጎርዳንን ፈረስ ሰርቆ እንደ ነበር በምርመራው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ እናቱ ናሆማ በየማለዳው ከሊቃኑ አዳራሽ ደጅ ትቆማለች፤ በየማለዳውም «ገና ነው» ይሏታል።

በመጨረሻ ጥሳ ገባች። «ሕዝብ በጥማት እያለቀ ምኑ ነው ገና? ልጅ ነበር! ቅጣቱን ጨርሷል! ዳግመኛ የሰው ንብረት አልነካም!»

በአውራዝ ልማድ ለበደለኛ የሚመሰክርለት የተበደለው ሰው ነው። ጎርዳን ተነሣ። «ጌቶቼ፣ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። ደግሞስ መች ጋለበበት? ገና ከአጥሩ ሳይወጣ ፈረሴ ጥሎት ተመለሰ!»

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀ ምስጢር ዘራም ግን አልሳቀም።

«እመት ናሆማ፣ የያዘን ፈረሱ አይደለም። በምርመራው መጀመሪያ ልጅዎ ወንጀል እንደማያውቅ ይህን ድንጋይ ነክተው ምለዋል፤ እርሱም አጠገብዎ ቆሞ ዝም አለ። ስርቆቱን ዘመን ይሽረዋል። የሚደብቀው ነገር ያለውን ሰው ግን ጠላት በዚያው ያስፈራራዋል። ምስጢር እንዴት እንስጠው?»

«እናቴን ሐሰተኛ ላለማሰኘት ነው ዝም ያልኩት» አለ ኤልዛር።

«መሐላውን የሚያፈርሰው የማለው ሰው ራሱ ነው» አለ ዘራም። «ዋጋውም ድምፁ ነው፤ ዳግመኛ አይናገርም።»

«እማዬ፣ ተዪው!»

«ዝም በል! መናገር ሲገባህ ዝም ብለህ፣ አሁን ነው አፍ ያወጣኸው?»

እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። «ልጄ ሰርቋል። እኔም ዋሽቻለሁ።»

የመጨረሻ ቃሏ ይህ ሆነ። ድንጋዩ በራ፤ መንገዱንም ለኤልዛር ነገረው።

ኤልዛርና ጎርዳን በተራራው ሆድ ውስጥ ከሻሙር ጋር ተናነቁ። ጎርዳን ጋሻውን በዘንዶው መንጋጋ መካከል ሲሰነቅር ኤልዛር ጦሩን ጉሮሮው ውስጥ ሰደደ። ምንጩ እያገሳ ወጣ።

ሕዝቡ የኤልዛርን ስም እየጠራ ተቀበለው። ናሆማ ሰዉን ገፍታ አቀፈችው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም ግን አልተሰማም።

«አቤት፣ እማዬ» አለ ኤልዛር።