የቅዳሜው በር

ወይዘሮ ኤልሚ ካርፒነን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ሐይቁ ዳር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳሉ ሞተው ተገኙ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ነበር። ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ የሱፍ ቆባቸው አገጫቸው ሥር ታስሯል፤ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ተደራርበዋል። እግራቸው ላይ ግን ካልሲ ብቻ ነበር። የሰማንያ ሁለት ዓመት ሴት፣ ያውም የገዛ ልጃቸውን ስም ከረሱ ሦስት ዓመት ያለፋቸው፣ ከተቆለፈ ቤት እንዴት ወጡ?

ሰኞ ጠዋት መርማሪ ኢርመሊ ታኩነን ወደ አረጋውያን መጦሪያው ቤት ስትገባ የበሩን ነገር ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ ራሷ እናት ጉዳይ መጥታ አይታዋለች። እናቷ ምድጃ ላይ ድስት ረስተው ቤቱን ሊያነዱት ሲሉ ነበር ወንድሞቿ «አንቺ ፖሊስ ነሽ፣ መርምረሽ ምረጪ» ብለው ሸክሙን የጣሉባት። ሦስት ቤት አየች። አንደኛው ሽንት ሽንት ይሸታል። ሁለተኛው ንጹሕ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ያንቀላፋሉ። ሦስተኛው ይኸው ሐይቅ ዳር ያለው፣ ትኩስ ዳቦ ዳቦ የሚለው ቤት ነበር። ኃላፊዋ ማርኬታ ሃልሜ የመርሳት ሕሙማኑን ክፍል በር በኩራት ነበር ያሳየቻት። ከመቆለፊያው በላይ በትልልቅ ፊደል «ለመውጣት የዛሬን ቀንና ወር ይጫኑ» ተብሎ ተጽፏል።

«እስር ቤት አይመስል ብለን ነው» ብላት ነበር። «ደግሞስ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እኛ ዘንድ ምን ይሠራል?»

ኢርመሊ ያን ቀን ስቃ ነበር። የእናቷ ማመልከቻ ተሞልቶ፣ ፊርማ ብቻ ጎድሎት አሁንም መኪናዋ ውስጥ አለ።

«ካድሪ ናት፤ ሌላ ማንም አይደለም» አለች ማርኬታ፣ ገና ወንበር ሳትስብ። «ባልደረባዋ ታማ ቀርታ ብቻዋን ነበረች። ሲጋራ ታጨሳለች። ወጣች፣ አጨሰች፣ ገባች፤ ሴትየዋ ከኋላዋ ሾልከው ውጭ ቀሩ። የአስታማሚነት ፈቃዷን ነገ ይነጥቋታል፤ ፍርድ ቤቱም አይቀርላትም።»

«አይተው ነው ወይስ ገምተው?»

«መቆለፊያው መዝግቦታል እኮ! ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ከውስጥ ተከፈተ፤ ስምንት ከስምንት ላይ በዚያው ቁጥር ከውጭ ተከፈተ። የወጣው ሰው ተመልሶ ገብቷል። እኔ እንደሆንኩ በስክሪን ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ስምንት ምስክር አለኝ። ልጃቸው ኡላም በዋናው በር ከወጣች ግማሽ ሰዓት አልፏት ነበር። ማን ቀረ?»

ኢርመሊ መዝገቡን ተቀበለች። የቅዳሜውን ብቻ አላየችም፤ ወይዘሮ ኤልሚና ባለቤታቸው ከገቡበት ቀን ጀምሮ ያለውን፣ የስምንት ወሩን በሙሉ ገለበጠች። ቅንድቧ ከፍ አለ። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ካድሪን ማዕድ ቤት አገኘቻት። ከኢስቶኒያ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

«ቅዳሜ ለማጨስ ወጥተሽ ነበር?»

«በሳውና ቀን? ኧረ በማርያም! ቅዳሜ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ጊዜ የለኝም። ሴቶቹን እንፋሎቱ ውስጥ አጥቤ ጨረስኩ፤ ከዚያ ወንዶቹን ጀመርኩ። አባባ ታውኖ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበሩ። ያን ቀን ግን ብቻዬን ስለሆንኩ ከፊቴ ያገኘሁትን ልውሰድ ብዬ እሳቸውን አስቀደምኩ። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ይዘው ቆመዋል።»

«የማን ጫማ?»

«የባለቤታቸው። ሁሌ የሆነ ነገር ይዘው ይዞራሉ፤ ማንኪያም ይሁን ትራስ። ‹አባባ፣ ይሄ ለበኋላ ይደርሳል› ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ስምንት ከአሥር ቢሆን ነው።»

«ሳውና ውስጥ ምን አሉሽ?»

ካድሪ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «‹በርዷታል፣ በርዷታል› ይላሉ። በዚያ ሙቀት! ሳቄ መጣና ‹ማን ናት የበረዳት አባባ?› ብዬ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ጨመርኩላቸው። እንዲሞቃቸው ብዬ እኮ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የቀሩትን አጠብኩ። አባባን ፎጣ ጠቅልዬ እዚያው መልበሻ ክፍል አስቀመጥኳቸው። ዘጠኝ ከሩብ ላይ ለቡና ስቆጥር እማማ ኤልሚ የሉም።»

ኢርመሊ ወደ መልበሻው ክፍል ሄዳ ጎንበስ አለች። አግዳሚው ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ጠጉር የለበሰ የሴት ቡት ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ማንም ልብ ብሎ አላየውም።

የካርፒነኖች ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ተጋጥሞ አንድ ሆኗል። አቶ ታውኖ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የቤት ካባቸውን መቀነት ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ። የሰማንያ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ሐይቁ ላይ ግንድ የሚጎትት ጀልባ ሲነዱ ኖረዋል። ግድግዳው ላይ በየዕለቱ አንድ ገጽ የሚገነጠልለት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ይላል።

ኡላ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። ኢርመሊ ይህን ቤት እንዴት እንደመረጠች ጠየቀቻት።

«መረጥኩ ይባላል?» አለች ኡላ በምሬት። «አሥራ አንድ ቤት ደወልኩ። እናቴን እንቀበላለን ይላሉ፤ አባቴ ጤነኛ ስለሆነ አይቻልም፣ ወረፋ አለ። ሃምሳ ስምንት ዓመት አብረው የተኙ ሰዎች! ወረቀቶቹን ለአባቴ አሳየሁት። አንብቦ፣ አጣጥፎ መለሰልኝ። በወሩ እሱም ጀመረው። ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተ። እኔን ‹ሳራ› ይለኝ ጀመር፤ ሳራ የሞተች እህቱ ናት። ሐኪሙ የግድግዳ ሰዓት ሥዕል ይሳሉ ሲለው ክብ እንኳ አቃተው። እውነቱን ልንገርዎት? እያለቀስኩ ተመስገን አልኩ። ሁለቱንም የሚቀበል ቤት ተገኘ።»

«ቀን መቁጠሪያውን ማን ነው የሚገነጥለው?»

«እኔ እንጃ። ካድሪ ትሆናለች።»

ኢርመሊ ሽማግሌው ፊት በርከክ አለች። «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ጀልባዋ መጣች?» አሉ፤ ዓይናቸው እሷን አልፎ በረዶውን ያያል።

እጃቸው መቀነቱን ቋጥሮ ጨረሰ። ኢርመሊ ከቦርሳዋ የሟቿን ፎቶ አወጣች፣ አየች፣ መለሰች። ስትወጣ ማርኬታንም ካድሪንም ስለ ቀን መቁጠሪያው ጠየቀቻቸው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም የጋራ ክፍሉ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ግማሹን ታውቀዋለች፤ ሌላውን ግማሽ ባታውቀው በወደደች ነበር።

ካድሪ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ኡላ አባቷን ደግፋ አስቀመጠች። ማርኬታ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

«ከካፖርቱ ልጀምር» አለች ኢርመሊ። «ወይዘሮ ኤልሚ አንዲት ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው አልብሷቸዋል፤ ቆባቸውንም አስሮላቸዋል። ሊገድል የሚያወጣ ሰው ብርድ እንዳይገባ ብሎ አይጨነቅም።»

«ጫማስ ለምን አላደረገላቸውም?» አለች ማርኬታ።

«ረስቶት። እኛ አገር ቤት ውስጥ ጫማ የሚያደርግ ማን አለ? ሁላችንም በካልሲ ነን፤ በጥድፊያ በካልሲያችን በረንዳ ድረስ ያልወጣን አለን? ወንበሩ ላይ ካስቀመጣቸው በኋላ እግራቸውን አየና ጫማ ሊያመጣ ሮጦ ገባ። በሩ ስምንት ከስምንት ላይ ከውጭ የተከፈተው ለዚህ ነው።»

«ያው ካድሪ ናታ!»

«አይደለችም።» ኢርመሊ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይህ በር ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት ከውስጥ ይከፈታል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከውጭ ይከፈታል። አንድም ቅዳሜ አልዘለለም። ካድሪ ከተቀጠረች ስንት ጊዜዋ ነው?»

ማርኬታ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አራት ወር።»

«እርስዎ ቅዳሜ ቢሮ የገቡት ለዚያ ስብሰባ ብቻ ነው። ኡላ የምትመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ታዲያ ሳያሰልስ በየቅዳሜው እዚህ የነበረው ማነው? ወንዶቹ ሳውና ሲገቡ ተራው መጨረሻ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ማንም የማይፈልገው ማነው?»

ኡላ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እንዴ! ምን እያሉ ነው? በሩ እኮ ቀኑን ለሚያውቅ ነው የሚከፈተው።»

«ቀኑን የሚያውቅ ሰው ነው የከፈተው። ቀን መቁጠሪያውን ማን እንደሚገነጥል ሦስታችሁንም ጠይቄ ነበር። አንቺ ካድሪ ናት አልሽኝ፤ ካድሪ አንቺ ትመስያት ነበር፤ ወይዘሮ ማርኬታ ጭራሽ መኖሩንም አያውቁም። ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ በየቀኑ ይገነጠል ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ግን የነካው የለም።»

ኢርመሊ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቆቡ የታሰረበት ቋጠሮ አንዱ ጫፍ ሲሳብ የሚፈታ የጀልባ ሰው ቋጠሮ ነው። ዛሬ ጠዋት መቀነት ላይ ሲቋጠር አይቼዋለሁ። ጫማው ሳውና መልበሻው ውስጥ፣ አባባ ልብሳቸውን ባወለቁበት ወንበር ሥር ነው። ደግሞ ሳውና ውስጥ ‹በርዷታል› ብለዋል። ያኔ እኮ ወይዘሮ ኤልሚ ውጭ መሆናቸውን በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«ውሸት ነው!» አለች ኡላ። «ስሜን እንኳ አያውቅም! አባዬ፣ ተናገር፣ ውሸት ነው በላት!»

ሽማግሌው መቀነታቸውን ይቋጥራሉ። ኢርመሊ ከፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እርስዎ ዝም ካሉ ነገ ይህች ልጅ ፈቃዷን ታጣለች፤ ከዚያም ትከሰሳለች። እኔ የያዝኩት ቋጠሮና ጫማ ነው። የመርሳት ሕመምተኛ ነው ካሉኝ ዳኛ ፊት አይቆምልኝም።»

አቶ ታውኖ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩና ካድሪን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ። ሲናገሩ ስምንት ወር ማንም ያልሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

«ልጅቷን ተያት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ካድሪ አፏን በእጇ ያዘች። ኡላ አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባዬ? ታውቀኛለህ?»

«መቼ ረሳሁሽ፣ ኡላዬ?»

«ሳራ ስትለኝ… ስምንት ወር… መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር እኮ የማለቅሰው! እሷን አጣሁ፣ አንተንም አጣሁ ብዬ። ለእኔ እንኳ? ለእኔ እንኳ በጆሮዬ ሹክ ማለት አቃተህ?»

«ብነግርሽ ለሐኪሙ መዋሸት አይሆንልሽም። ከትንሽነትሽ ጀምሮ ውሸት አይዋጣልሽም። ከእሷ የሚለዩኝ ሲሆን ምን ላድርግ?»

«እናም ለመተው እኔን መረጥክ» አለች ኡላ። ካፖርቷን ከወንበሩ ላይ መነጨቀች። የሚያስቆማት አልነበረም። የዋናው በር ሲዘጋ ሁሉም ሰሙት።

ኢርመሊ መጠየቅ ባትፈልግም ጠየቀች። «ለካድሪ ያኔውኑ ለምን አልነገሯትም?»

«ሳምንቱን ሙሉ እብድ ሆኜ የምከርመው ለዚያች ሩብ ሰዓት ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን እንደ ሰው አወራታለሁ። አንዳንዴ ትመልስልኛለች።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹት። «ካድሪ ክንዴን ስትይዘኝ፣ እውነቱን ብናገር ከኤልሚ ጋር የምተኛበት ያ የመጨረሻው ቀን ነው። አሥር ደቂቃ ነው አልኩ። በርዷታል አልኩ፤ እንደ ሕመምተኛ እያልኩ፣ አንድ ሰው በመስኮት ቢያይ ብዬ። ውኃ ጨመረችልኝ። ከዚያ ፎጣ ጠቅልላኝ ሄደች። ያኔ መነሳት እችል ነበር። ተነስቼም ነበር። እስካሁን ገብታለች፣ አንዱ አይቷታል ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፈሪ ነኝ ልጄ።»

ካድሪ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ውኃውን እኔ ነኝ የጨመርኩት» እያለች ደጋገመችው። ፈቃዷ ተርፎላታል፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝም ያላት አይመስልም።

«‹እዚህ ቁጭ በይ፣ መጣሁ› ነው ያልኳት» አሉ ሽማግሌው። «ምሳ መብላቷን የማታስታውስ ሴት! ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። በሩን ትደበድባለች ብዬ ነበር። ይህችን ግን አልረሳችም።»

ማርኬታ ኢርመሊን ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «መቼም እሳቸው አሁን እዚህ ሊቆዩ አይችሉም፤ ክፍሉ ለሕሙማን ነው፣ ወረፋውንም ያውቁታል» አለቻት። ኢርመሊ ማመልከቻው መኪናዋ ውስጥ እንዳለ አስታወሰች፤ እናቷን ግን የት እንደምታደርጋቸው አላወቀችም። ከሦስቱ ቤቶች የተሻለው ይሄው ነበር።

ሽማግሌውን ቃላቸውን ለመቀበል ወደ ጣቢያ መውሰድ ነበረባት። ካድሪ ቡት አደረገችላቸው፤ ካፖርታቸውንም አለበሰቻቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ኢርመሊ ወደ ኋላ ቀረት አለችላቸው። አቶ ታውኖ ጣታቸውን አነሱና አራቱን ቁጥር ሳያመነቱ ተጫኑ። መቆለፊያው ቀይ በራ።

የተጫኑት የቅዳሜን ቀን ነበር።

«አባባ፣ ዛሬ ሰኞ ነው» አለች ኢርመሊ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ» አሉ፤ እንደገናም የቅዳሜን ቀን ተጫኑ።