ጠበል ለለመነ

ዘመኑ አልቦታል። ሰብለወንጌል በሐሙሲት ገበያ ከጌሾ ነጋዴዎቹ ወዲህ ቆማ አየችው። ገና በጠዋቱ የሚያልበው ሰው ወይ ንዳድ የያዘው ነው፣ ወይ የዋሸ።

መመለስ ግን የለም። በጉያዋ የያዘችውን ሃይላንድ ተቀብሎ ባሕር ዳር ላብራቶሪ የሚያደርሰው የምርመራ ክፍሉ መልእክተኛ እሱ ነው።

በስውር የላካት የምርመራ ክፍል በምስጢር ስሟ «ግራዋ» ይላታል። በደብረ ታቦሩ የድንኳን ሸራ ፋብሪካ ደግሞ ጌጤ ናት፤ ወለል ጠራጊዋ ጌጤ። ፋብሪካው ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ የሚነከርበትን ኬሚካል እጣቢ ከጋፋት በታች ወዳለው ወንዝ በስውር ይለቀዋል። ኬሚካሉ አይበሰብስም። ቢያፈሉትም አይጠፋም። ደም ውስጥ ገብቶ ይከርማል። በወንዙ ዳር ላሞች መጨንገፍ ከጀመሩ ቆይቷል፤ ሴቶቹም እንደዚያው።

በሃይላንዱ ያለው ከፋብሪካው ቱቦ አፍ የተቀዳ ነው። ቱቦው ትናንት ተነቅሏል። ሌላ ማስረጃ የለም።

በጠርሙሱ አንገት ላይ ማተብ አስራበታለች። ጠበል የያዘን ሰው የሚፈትሽ የለም።

ጠጋ አለች።

«የወንዛዬ ፍል ውኃ እንዴት ሰነበተ?» አለ ዘመኑ። የምስጢር መግባቢያቸው ነው።

«ለታመመ ይሞቃል።»

እጁን ሲዘረጋ ዓይኑ ወደ ኋላዋ ሸሸ።

ዞር አለች። የፋብሪካው የጥበቃ ኃላፊ፣ ይሻው።

ዘመኑ ሸጧታል።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል፤ ዘመኑን ማወቋ ግን አልበጃትም።

«ጌጤ፣ ምንድን ነው የያዝሽ?»

«ጠበል ነው ጋሼ።»

«ይኸ ሰውዬ ሌላ ነው የሚል።» ፈገግ አለ። «ጠበል ከሆነ እስቲ ቅመሺው።»

ይሻው ከቱቦው የሚወጣው ምን እንደሆነ ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይጠጣውም።

አማተበች። ከፈተች። ጠጣች።

ምላሷ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። የይሻው ፈገግታ ላላ። ይኸኔ ጌሾ ከምትቸረችርበት አንዲት ነፍሰ ጡር ብድግ አለች።

«እታለም፣ በሥላሴ! ለኔም አቅምሺኝ። ሁለት ጨንግፎብኛል።»

ጠበል ለለመነ አይከለከልም። የከለከለ ሰው በዚህ ገበያ ታይቶ አይታወቅም። ይሻውም ዓይኑን አልነቀለም።

«እህል ቀምሰሻል?» አለች ሰብለወንጌል። ጠበል በባዶ ሆድ ነውና የበላ አይጠጣም። በልቻለሁ በይኝ፣ እባክሽ በይኝ ትላለች በሆዷ።

«ኧረ አልቀመስሁም! ጾም አይደል?»

ወዲያ ከወንዙ የሚጠጣ አገር ሙሉ ሰው አለ። ወዲህ ይህች ሴት።

ሃይላንዱን አዘነበለች።

ሴትዮዋ በእፍኟ ተቀብላ ጠጣች፤ የተረፈውን ሆዷን ቀባችው። «ማኅፀንሽ ይባረክ» ብላ መረቀቻት።

ይሻው ዞሮ ዘመኑን በጥፊ አጮለው። «የሰው ስም ታጠፋለህ፣ አንተ ውሸታም!»

ሰብለወንጌል የቀረውን ጉያዋ ከታ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። እስከ ባሕር ዳር ድረስ አለቀሰች።

የላብራቶሪው ውጤት ወጣ። ፋብሪካው ታሸገ፤ ይሻውም ዘመኑም ታሰሩ። «ግራዋ» ተመሰገነች፤ ጌጤ የምትባል ሴት ግን ከዚያ ወዲያ አልታየችም።

ከወራት በኋላ በሌላ ስም፣ ለሌላ ሥራ እንደገና ሐሙሲት ገበያ ወረደች። ሴትዮዋ ጌሾዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሆዷ ጎድሏል። ጀርባዋ ላይ ልጅ የለም። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃለች።

ልጁን የገደለችው ያች አንድ እፍኝ ትሁን አትሁን የሚነግራት ሐኪም የለም። ሰብለወንጌልን ይህ አላጽናናትም።

«እታለም! የጠበሏ!» ሴትዮዋ ተንደርድራ መጣች። «ስፈልግሽ ከረምሁ። ልጄ አልተረፈልኝም፤ የሱ ፈቃድ ነው። ምንጩ የት እንደሆነ ንገሪኝ፤ ለሚቀጥለው ሄጄ ልጠመቅበት።»

እግሯ ሥር መውደቅ አማራት። ሥራዋ ከለከላት።

«ተሳስተሻል እህቴ፤ እኔ ጠበል ይዤ አላውቅም።»

ሴትዮዋ አፈረች። «ይቅር በይኝ እታለም» አለች። «ሐዘን ዓይኔን ጋርዶት ነው።»