አልረጋ ያለው ወተት

ሴትዮዋ በረት ውስጥ ላም ስታልብ እጇን የባልዲ ጠርዝ ቆረጣት። በጨርቅ ጠቅልላ ሥራዋን ቀጠለች። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሞተች። መርማሪዋ ስትደርስ የሟቿ ወንድም የሰፈሩን መድኃኒት ሻጭ ኮሌታ አንቆ ይዞ ነበር።

«ሐሰተኛ መድኃኒት ሸጦ ነው እህቴን የገደላት።»

መርማሪዋ ሟቿ ለቁስሏ ከወሰደችው የተረፈውን እንክብል አስመረመረች። ትክክለኛ ነበር። ሐኪሙም ያንኑ መድኃኒት በመርፌ ሰጥቷት ነበር፤ ቁስሉ ግን ወይ ፍንክች።

ወደ ከብት እርባታው ሄደች። ባልየው በረቱ ደጃፍ ተቀምጧል።

«ላሞችህ ያምራሉ። ታመው አያውቁም?»

«እኔ ቤት ላም አይታመምም» አለ፤ በሐዘኑ መሃል እንኳ ኩራት ቢጤ ሽው አለበት።

«የእንስሳት ሐኪም አለህ?»

«ነበረኝ። በሆነ ባልሆነው ሲጨቀጭቀኝ አባረርኩት።»

ጓዳ ውስጥ የሟቿ እናት ዕቃ ያጥባሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው አጠገባቸው ይጫወታሉ።

«ልጄ ባለሙያ ነበረች» አሉ። «ዘንድሮ ግን እርጎ እምቢ አላት። ወተቱ አልረጋ ብሎ ይደፋል። ‹እጄን ምን ነካው› እያለች ታለቅስ ነበር።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «እስቲ ይድገሙልኝ፣ እማማ።»

ስትወጣ ከወተቱም ከበረቱ ፍሳሽም ቀድታ ወሰደች። ውጤቱ ሲደርሳት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ወተት የሚያረጋው ባክቴሪያ ነው» አለች። «ወተቱ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ካለ አይረጋም። አስመርምሬዋለሁ፤ አለበት።» ወደ ባልየው ዞረች። «ጤነኞቹን ላሞች ጭምር በዚህ መድኃኒት ትወጋለህ። የእንስሳት ሐኪሙ የጨቀጨቀህም በዚህ ነው።»

«እንዳይታመሙብኝ ብዬ ነው።»

«ደካማው ባክቴሪያ ሞተ፤ መድኃኒቱን የተቋቋመው ተርፎ ተራባ። ፍሳሹ ውስጥ ያገኘሁትና ከሚስትህ ቁስል የተወሰደው አንድ ዓይነት ናቸው። በረት ውስጥ በተቆረጠው እጇ ገባ። ሐኪም ቤት የሰጧት ደግሞ አንተ ላሞቹን የምትወጋበትን መድኃኒት ነው። ምን ያድርግላት?»

መድኃኒት ሻጩ እፎይ ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ።

«አንተም አትቸኩል» አለችው። «ያለ ሐኪም ማዘዣ በካርቶን ስታቀብለው የኖርከው አንተ ነህ። ትጠየቅበታለህ።»

«ለእህቴ ሞትስ?» አለ ወንድምየው።

«ለሞቷ የምከስበት አንቀጽ የለኝም። ማንም ሊገድላት አላሰበም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...» አለ ባልየው።

እናትየዋ አልሰሙትም። «ፍሳሹ ወዴት ነው የሚወርደው?» ብለው መርማሪዋን ጠየቁ።

«ወደ ወንዙ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ወደሚቀዳበት?»

መርማሪዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እናትየዋ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ልጆቹን እኔ እወስዳቸዋለሁ» አሉ፣ አማቻቸውን ሳያዩት። እሱም አልተከራከረም።