የሙሽራዋ ተቃውሞ

በሶዶ፣ በእነ አስካለች ቤተ ክርስቲያን፣ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የተጋቢዎቹ ስም በጉባኤ ፊት ይነበባል። ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያመለክታል። ሌላ ቦታ ቃል የገባ፣ ልጅ የደበቀ፣ እንዲህ ያለው ነገር ማንንም አይገርምም። ሙሽራዋ ራሷ የገዛ ጋብቻዋን ልትቃወም ስትመጣ ግን ጋሽ ሚልክያስ በሃያ ዓመት ሽምግልናቸው አይተው አያውቁም።

«ማንን ነው የምትቃወሚው፣ ልጄ?»

«ይስሐቅን። ሠርጋችንንም።»

አስካለች ነርስ ናት፤ የመጣችውም በቀጥታ ከሌሊት ተረኝነት ነው። ኮሮና ሶዶ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም። የማስኩ ማሰሪያ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳዋን ልጦታል።

ከይስሐቅ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ በማስክ ሰበብ ነበር። አምና እዚሁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ የሰው ሙቀት ስትለካ ያለ ማስክ መጣና «አይገባም» አለችው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ ማስክ እንደሚከላከል ከእሷ እኩል ያውቃል። «ጥቅሙን አልካድኩም፤ ግን ሰው አምኖበት ያድርግ እንጂ ለምን ይገደዳል?» ብሎ ቆሞ ተከራከራት። መዝሙሩ አለቀ፣ ስብከቱ ተጀመረ፣ እሱ ከበሩ አልራቀም። በሚቀጥለው እሑድ ማስክ አድርጎ መጣ። ያኔ ሳቀች። የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነበር፤ እሱም ያንን ዓይን ወደደው።

አሁን ለሠርጋቸው ከጉኑኖ እስከ ገሱባ ስድስት መቶ ሰው ሊጠራ ነው። ይስሐቅ ደግሞ «በሠርጌ ቀን እንግዳ አላስገድድም» ብሏል።

ተጠርቶ ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል።

«ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ሦስቴም በክርክር አሸነፍከኝ» አለችው ድምጿን ሳታነሳ። «ትናንት ሁለት ሰው ሞተብኝ፣ ይስሐቅ። አንዷ የታመመችው የልጇን ሠርግ ደግሳ ነው። በእኔ ሠርግ የበላ ሰው መጥቶ እኔው በምሠራበት ዋርድ ውስጥ ሲተኛ ማየት አልችልም። ደክሞኛል። እወድሃለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ግን አላገባህም።»

ይስሐቅ መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁንም አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው። ያ የወደደው ዓይን ቀልቶ፣ ዙሪያው አብጦ ነበር።

«ሰው አላስገድድም፤ እሱ አልተለወጠም» አለ በመጨረሻ። «ስለዚህ ሰው አልጠራም። አንቺ፣ እኔ፣ ምስክሮቻችንና ጋሽ ሚልክያስ እንበቃለን። ማስኩንም ሁላችንም አምነንበት እናደርጋለን።»

«አባትህስ?»

«ይቆጣሉ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አስካለች ትንፋሿን ለቀቀች። ጋሽ ሚልክያስም እፎይ ብለው መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ማስታወሻቸውን አገላበጡ፤ ብዕራቸውን አነሱ።

«እንግዲህ ተቃውሞው ቀርቷል ብዬ ልጻፍ?»

አስካለች ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

«መቼም ትስማማለች፤ ልጻፈው» አሉ ሽማግሌው።

«አይ፣ ጋሼ» አለ ይስሐቅ ቀስ ብሎ። «ትንቃና ራሷ ትበል። እኔ እጠብቃለሁ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። እስከ ምሳ ሰዓት ማንም አልቀሰቀሳትም።